ለድረ ገጽ ሥራ መሣሪያ ስንመርጥ ማንን እናስብ?

መግቢያ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒዩተር ሳይንስና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎች ድረ ገጽ መሥራት የተለመደ የመመረቂያ ሥራ ነው። ከእነዚህ ክፍሎች ውጭ ያሉ ተመራማሪዎችም የጥናታቸውን ውጤት ወይም የሰበሰቡትን መረጃ የሚያስተዋውቅ ገጽ እንዲኖራቸው መፈለጋቸው እየተለመደ መጥቷል። ሥራው ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ «በምን እንሥራው?» የሚል ነው። መልሱም በአመዛኙ ጓደኛ የተጠቀመበት፣ በማስተማሪያ ቪዲዮ የታየ፣ ወይም በሥራ ማስታወቂያ ላይ ስሙ የተደጋገመ መሣሪያ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ጥያቄ ከተራው ቀድሞ የሚነሣ ነው። መቅደም የሚገባቸው ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፤ ገጹን የሚያነብበው ማን ነው? ሠሪው ተመርቆ ሲሄድ የሚረከበውስ ማን ነው? በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ መሣሪያ መሸጫ ኩባንያዎች ከሚያስቡት በእጅጉ የተለየ ነው። ስለዚህ መነሻችን ለሥራው የሚበቃው ቀላሉ መሣሪያ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ የተጨመረበት ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። የሚከተሉት ክፍሎች ይህን አቋም ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው።

መሣሪያው ሲቋረጥ ምን ይቀራል?

የድረ ገጽ መሠረት የሆኑት ሦስት ቋንቋዎች ናቸው። ኤችቲኤምኤል የገጹን ይዘትና አወቃቀር ይገልጻል፤ ሲኤስኤስ መልኩን ይወስናል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ገጹ ለተጠቃሚው የሚሰጠውን ምላሽ ይመራል። ሦስቱም በተራ ጽሑፍ የሚቀመጡ በመሆናቸው በኖትፓድ እንኳ ሊጻፉና ሊነበቡ ይችላሉ። ንድፍ መሥሪያዎቹም ሆኑ ፍሬምወርኮቹ በመጨረሻ ለብራውዘሩ የሚያቀርቡት በአብዛኛው እነዚህኑ ነው።

የሦስቱን ጽናት ታሪካቸው ይመሰክራል። ቲም በርነርስ ሊ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው የመጀመሪያ ድረ ገጽ ቅጂ ዛሬም በእጅ ስልክ ብራውዘር ይከፈታል። የመሣሪያዎቹ ዕድሜ ግን አጭር ሆኖ ታይቷል። የማይክሮሶፍት ፍሮንትፔጅ የመጨረሻ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በ2006 ተቋርጧል። የአዶቢ ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቆሟል። የጉግል አንጉላርጄኤስ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ድጋፉ ሲያበቃ፣ አተም የተባለው የጊትሃብ ኮድ መጻፊያ በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል።

እነዚህ መሣሪያዎች መቋረጣቸው አንድ ቢሆንም ያስከተሉት ጉዳት አንድ አይደለም። አተም ሲዘጋ በእርሱ የተጻፈ ፋይል አልጠፋም፤ ጸሐፊው ያንኑ ፋይል በሌላ መጻፊያ ከፍቶ ሥራውን ቀጥሏል። ፍላሽ ሲቋረጥ ግን በፍላሽ ብቻ የተሠራው ገጽ ራሱ አብሮ ተዘግቷል። የመጀመሪያው መሣሪያ ሥራውን የማይዝ ብዕር ነበር፤ ሁለተኛው ሥራውን በውስጡ የቆለፈ ሣጥን ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ ስንመርጥ የመጀመሪያው መመዘኛ «ይህ ነገር ነገ ቢቋረጥ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው?» የሚለው ሊሆን ይገባል። ጎትቶ በማስቀመጥ ብቻ ገጽ የሚያሠሩ የደመና አገልግሎቶች ብዙዎቹ በዚህ መመዘኛ ይወድቃሉ፤ ገጹ የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ በኩባንያው ቅርጽ ነውና።

ፊደላችንና ልማዳችን የሚያቀርቡት ፈተና

አማርኛ ጽሑፍ በመሣሪያ መታሰርን አስቀድሞ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 እስኪካተት ድረስ ሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ያስቀምጡት ነበር። በአንዱ የተጻፈው ሰነድ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። በዚህም ምክንያት ብዙ የአማርኛ ጽሑፎች በድረ ገጽ ላይ የወጡት በምስል ወይም በፒዲኤፍ ነው፤ ይህም በፍለጋ እንዳይገኙ አድርጓቸዋል።

ችግሩ በዩኒኮድ መምጣት ሙሉ በሙሉ አላበቃም። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት እስከ 8.0 እትሙ ድረስ ነባሪ ቅንብሩ የላቲን ፊደል ነበር፤ ቅንብሩን ሳይቀይር አማርኛ ያስገባ ተማሪ በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ያገኛል። ይህ የሚታይ ስሕተት ስለሆነ ቶሎ ይታረማል። ከዚህ የሚከፉት የማይታዩት ናቸው።

ፍለጋን እንመልከት። ከጎጃም የወጡትን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁን ስም አንባቢዎች እንዴት ይጽፉታል? ለመጀመሪያው ፊደል ሐ፣ ሀ ወይም ኀ፣ ለሦስተኛው ስ ወይም ሥ፣ ለአባት ስም መነሻ ደግሞ ዓ፣ ዐ ወይም አ ብንወስድ ብቻ 18 ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ የፍለጋ ሥርዓት እነዚህን ሁሉ እንደተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል፤ በአንደኛው አጻጻፍ የፈለገ አንባቢ በሌላው የተመዘገበውን ጥናት አያገኝም። መፍትሔው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ የሚያመጣ አጭር ኮድ መጨመር ነው። ኮዱን ለመጨመር የማይፈቅድ መሣሪያ ግን ምንም ያህል ቢያምር ለአማርኛ የመዛግብት ገጽ አይሆንም።

የቀን መምረጫና የስም መሙያ ቅጾችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ከውጭ የመጡ ቴምፕሌቶች 12 ወራት ብቻ ስለሚያውቁ ጳጉሜን የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። ዘመናዊ ብራውዘሮች ግን አንድን ቀን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና በአማርኛ የሚያሳይ አገልግሎት በጃቫስክሪፕት ውስጥ አብሮ አላቸው፤ ለዚህ ብቻ ሌላ ተጨማሪ ሶፍትዌር መጫን አያስፈልግም። የስም ቅጾቹም «የቤተሰብ ስም» እንዲሞላ ያስገድዳሉ፤ የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ቅጹ ሲተረጎም ቃሉ ብቻ ተለውጦ አወቃቀሩ እንዳለ ከቀረ፣ የሚሰበሰበው መረጃ ከመነሻው የተዛባ ይሆናል።

የመልክ ጉዳይም አለ። የእንግሊዝኛ ንድፎች ርእስን ከሐተታ የሚለዩት ብዙ ጊዜ በትልልቅ ፊደላትና በጋደሉ ፊደላት ነው። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ተጋድሞ ሲጻፍም ለንባብ ያስቸግራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን የፈቱት በቀይ ቀለም፣ በፊደል መጠንና በመስመር አከፋፈል ነበር። ዛሬም ንድፉ ሊታመን የሚገባው በእነዚሁ ነው። ስለሆነም በፊግማም ሆነ በሌላ መሣሪያ የሚሠራ ንድፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ ሊሞከር ይገባል፤ በላቲን መሙያ ጽሑፍ የጸደቀ ንድፍ አማርኛው ሲገባበት መስመሩ ይጨናነቃል።

የገጹ ክብደትና የአንባቢው ግንኙነት

በጮቄ ተራራ የአፈርና የውኃ ጥበቃ ላይ ጥናት ያካሄደ አንድ ተመራማሪ ውጤቱን ለግብርና ባለሙያዎች በአማርኛ ማቅረብ ፈለገ እንበል። አንባቢው በድጓ ጽዮን ወይም በረቡዕ ገበያ የሚሠራ፣ ገጹን በእጅ ስልኩ፣ በራሱ ገንዘብ በገዛው የዳታ ጥቅል የሚከፍት ባለሙያ ነው። ለዚህ ሰው የገጹ ክብደት የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የአንድ ቃል አማካይ ርዝመት ከ4 እስከ 5 ፊደል ብንል፣ የ2,000 ቃላት ጽሑፍ 30 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። የዘመኑ ድረ ገጾች መካከለኛ ክብደት ግን ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ይህም የጽሑፉን ከ60 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቡትስትራፕ 5 የተባለው ታዋቂ የንድፍ ስብስብ የሲኤስኤስ ፋይሉ ብቻ ሳይታመቅ ከ150 ኪሎባይት ያልፋል፤ ከስልክ ተነሥቶ ሳይቀነስ የተለጠፈ ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ ደግሞ 100 እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያህል ይመዝናል። አንባቢው የመጣው ለ30 ኪሎባይቱ ነው፤ የቀረውን የሚከፍለው ስለ ሠሪው ምርጫ ነው።

ፎንትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ከ26ቱ የላቲን ፊደላት ብዙ እጥፍ ቅርጾች ስላሉት ፎንቱን ከገጹ ጋር ማውረድ ክብደቱን ያበዛል። ነገር ግን በዊንዶውስ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ በአንድሮይድ ኖቶ፣ በአፕል ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከፋ የተባሉት ፎንቶች ይገኛሉ። በሲኤስኤሱ ላይ እነዚህን በቅደም ተከተል መጥቀስ ብቻ ገጹን አንባቢው መሣሪያ ላይ ባለው ፊደል እንዲታይ ያደርገዋል።

ግንኙነቱ የሚመለከተው አንባቢውን ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ጊዜ የደመና ንድፍ መሥሪያ አይከፈትም፤ የፍሬምወርኩ ክፍሎች ከሩቅ ሰርቨር አይወርዱም፤ ስልቶቹን ከውጭ አድራሻ የሚጠራ ገጽም በካምፓሱ የውስጥ ኔትወርክ ላይ እንኳ ተበላሽቶ ይታያል። ይህን የሚቋቋሙ መሣሪያዎች ግን አሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የሥራውን ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ የቡድን አባላት ለውጣቸውን በፍላሽ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ዊኪፔዲያንና የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ስብስቦችን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ፔንፖት የተባለው ክፍት ምንጭ ንድፍ መሥሪያ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ተጭኖ በውስጥ ኔትወርክ ሊያገለግል ይችላል።

ዋጋና ፈቃድ

አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዋና ዋና የንድፍ ሶፍትዌሮቹን በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ማቅረቡን መርጧል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ የሚፈጸም በመሆኑ ለአብዛኛው ተማሪ ከዐቅም በላይ ነው፤ ዋጋው በብር ሲታሰብም ከምንዛሪው ጋር ይንራል። ከዚህ የተነሣ ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ መጠቀም እንደ ተራ ነገር ይታያል።

ይህ ልማድ በሦስት ምክንያቶች ሊቀር ይገባዋል። አንደኛ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ያካትታል፤ የሰው ሥራ ያለ ምንጭ ጠቅሶ መውሰድን የሚኮንን የምርምር ተቋም ሶፍትዌርን በተለየ ዓይን ሊያይ አይችልም። ሁለተኛ፣ ፈቃድ መስበሪያ ተብለው የሚዞሩ ፋይሎች የቫይረስ መግቢያ በር ናቸው፤ በመመረቂያ ወቅት ሰነድን ከነቅጂው ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ በተሰበረ ሶፍትዌር የተሠራን ፋይል የሚረከብ መሥሪያ ቤት ወይ ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይ ያንኑ ጥፋት መድገም አለበት። ለምስል ጊምፕ፣ ለሥዕላዊ ንድፍ ኢንክስኬፕ፣ ለኮድ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ያለ ክፍያ እየተገኙ ሌላውን መንገድ የሚያስመርጥ ምክንያት ጥቂት ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሥራ ገበያው የሚመጣ ነው። ቀጣሪዎች ሪአክትንና መሰሎቹን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ተማሪውን ከእነዚህ ማራቅ ዕድሉን ማጥበብ ነው ይባላል። ክርክሩ እውነት አለው። ነገር ግን ፍሬምወርክን መማርና ፍሬምወርክን ለማንኛውም ሥራ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ መረጃ የሚያስገቡበትና ገጹ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥበት አገልግሎት ሲሠራ ሪአክት ተገቢ ነው፤ ለአምስት ገጽ የፕሮጀክት ማስታወቂያ ግን አይደለም። ሦስቱን መሠረታዊ ቋንቋዎች አጥብቆ የያዘ ተማሪ አንዱን ፍሬምወርክ ትቶ ሌላውን መያዝ አይቸግረውም፤ ፍሬምወርኩን ብቻ የያዘ ግን ስሙ ከገበያ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከመሥሪያ ቤቶች ነው። ኮድ የማይጽፍ ሠራተኛ ዜና የሚለጥፍበት መንገድ ያስፈልገዋልና ወርድፕረስን የመሰለ ሥርዓት ይሻላል ይላሉ። ጽሑፍ በየሳምንቱ የሚያስገባና ሥርዓቱን በየጊዜው የሚያድስ የተመደበ ሰው ካለ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ግን ያልታደሱ ፕለጊኖች ለሰርጎ ገቦች የተከፈቱ በሮች ይሆናሉ። ተጠባቂ የሌለው ገጽ የመረጃ ቋትና የመግቢያ ቁልፍ በሌለው ቋሚ ኤችቲኤምኤል ቢሠራ፣ ቢያንስ ሳይበላሽ ለዓመታት ይቆያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቅርብ ጊዜ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን በደቂቃ ስለሚጽፍ የመሣሪያ ምርጫ ጉዳይ አብቅቶለታል የሚሉ አሉ። ኮድ መጻፍ መቅለሉ እውነት ነው። ሆኖም ተረካቢው ሊያነብበው የማይችለው ኮድ በማንም ቢጻፍ ያው ሸክም ነው። ኮዱ በፍጥነት ሲበዛ እንዲያውም ምን ያህሉ በእርግጥ ያስፈልግ ነበር የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል።

ምን ይደረግ?

በመመረቂያ ፕሮጀክት ግምገማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሥርዓቱ በሠሪዎቹ ላፕቶፕ፣ በዛምፕ ላይ፣ በአቀራረቡ ዕለት መሥራቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ገጹም ከሠሪዎቹ ጋር ካምፓሱን ለቅቆ ይወጣል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች በግምገማቸው አራት ቀላል ፈተናዎችን እንዲያካትቱ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገጹ ኢንተርኔት በሌለው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተገልብጦ ይከፈት። ሁለተኛ፣ በሥራው ያልተሳተፈ ሰው የርክክብ ሰነዱን ብቻ ይዞ አንድ ዐረፍተ ነገርና አንድ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለውጦ ያሳይ። ሦስተኛ፣ አንድ ስም በተለያየ አጻጻፍ ይፈለግ፤ የጳጉሜን ቀንም በቅጹ ይሞላ። አራተኛ፣ ቡድኑ የተጠቀመባቸውን መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ዘርዝሮ፣ ለእያንዳንዱ የተመረጠበትን ምክንያት፣ የፈቃዱን ዓይነትና ቢቋረጥ የሚቀረውን ነገር ይግለጽ።

እነዚህ ፈተናዎች ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም፤ የትኛውንም መሣሪያ በስሙ አይከለክሉም። ሪአክትንም ሆነ ወርድፕረስን የመረጠ ቡድን አራቱን ካለፈ ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ነው። ከኮምፒዩተር ዘርፍ ውጭ ያሉ ተመራማሪዎችም ገጽ የሚሠራላቸውን ባለሙያ ሲያነጋግሩ እነዚህኑ አራቱን በውላቸው ውስጥ ሊያስገቡ ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ዕውቀት የማድረስ ኃላፊነት አለበት። በድጓ ጽዮን ያለው ባለሙያ ስልኩ ላይ ሊከፍተው የማይችለው፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የሚያርመው ሰው የማይገኝለት ገጽ ያንን ኃላፊነት እንደተወጣ ሊቆጠር አይገባም።